በሽቦ የተዘጋችው ንግሥት ንብ

አናጢ ነኝ። ትምህርቴ ከማንበብና ከመጻፍ ብዙም አላለፈም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። ይህን የምጽፈው ቀፎ ያላቸው ሰዎች እንዲያነቡት ነው። ቀፎ የሌላቸውም ቢያነቡት አይጎዳቸውም።

ነገሩ የተጀመረው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የተሳፋሪውን ሁሉ ዐይን አክብዳዋለች፤ ሾፌሩ ራሱ በሕልሙ የሚነዳ ይመስል ነበር። አጠገቤ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ የእንጨት ሳጥን አቅፋለች፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እንደ ሕፃን ከፍ ታደርገዋለች። የሳጥኑን ማዕዘን አየሁት። ሚስማር የሌለው ጥሩ መገጣጠሚያ ነው።

«ማን ነው የሠራው?» አልኳት።

«ምኑን አባባ?»

«ሳጥኑን።»

ሳቀች። «ሰው ሁሉ ምን እንደያዘ ነው የሚጠይቀኝ፤ እርስዎ ማን እንደሠራው ጠየቁኝ።»

«አናጢ ስለሆንኩ ነው። የያዘውን ብትነግሪኝም አልጠላም።»

«ማይክሮስኮፕ አለው። ከሱ ጋር ደግሞ ንግሥት ንብ አስተኝተን የምናዳቅልበት መሣሪያ አለ።»

ዞር ብዬ አየኋት። እያሾፈች አልነበረም።

«ንብን? በሰው እጅ?»

«በሰው እጅ። ጫፉ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር የመስታወት መርፌ። ወንዱ ንብ፣ ድንጉላው፣ የሚሰጠውን ዘር እኛ እንሰጣታለን።»

የት እንደምትወርድ ጠየቅኳት። አረንጓዴ በር ያለው ግቢ አለችኝ፤ የአክስቷ ባል ቤት ነው። አክስቷ ከሞተች ወዲህ አልመጣችም። ያን በር እኔ ነኝ የሠራሁት። የእኔ ቤት ከግቢው ግንብ ማዶ ነው።

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ይህን ሳጥን ይዘሽ ከገባሽ ከነሳጥንሽ ነው የሚያስወጣሽ።»

«ገምቻለሁ። ለዚህ ነው እመጣለሁ ብዬ ያልነገርኩት።»

አብረን ወረድን።

ስለ ሰውዬው ትንሽ ልናገር። ንብ አናቢ ነው። መንደሩ አባ ዝምታ ይለዋል። ዝምተኛ ሆኖ አይደለም፤ ስለ ንብ ካነሱበት የሚያቆመው የለም። ስሙ የወጣው በሌላ ነገር ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች አንዲት ወጣት ንግሥት ንብ ለመዳቀል ወደ ሰማይ የምትወጣበት ቀን ሲደርስ፣ ባልና ሚስቱ ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ንግሥቲቱ ወጥታ እስክትመለስ ድረስ አንድ ቃል አይናገሩም። ሰላም ብትላቸው አይመልሱልህም። እኔም ከግንቡ ማዶ መዶሻዬን አስቀምጥ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም። በመጨረሻ ሚስቱ «ገባች» ትላለች። ያን ጊዜ መንደሩ እንደገና መተንፈስ ይጀምራል።

የሴትዮዋ ንቦች ገሮች ነበሩ። ራሷን ሳትሸፍን፣ ጓንት ሳታጠልቅ ቀፎ ትከፍታለች። ንቦቹ ጣቶቿ ላይ ይንሸራሸሩና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እሷ በሞተችበት ዓመት ግን ከመንደሩ ማዶ በተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ ክፉ የዱር ንብ ሰፈረ። ድንጉላዎቹ ሰማዩን ሞሉት። ከየቀፎው ለመዳቀል የወጣች ንግሥት ሁሉ ከነሱ ጋር ተገናኝታ ትመለሳለች፤ ልጆቿም ተናዳፊ ይሆናሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ያጠበችውን ልብስ ማስጣት ተወች። «ወይ ቀፎው ይነሳል ወይ እኔ እነሳለሁ» እያለች ትምል ጀመር።

ከሚስቱ ዘር ሳይበላሽ የቀረው ከመስኮቱ ሥር ያለው ቀፎ ብቻ ነበር። የዚያ ቀፎ እናት የተዳቀለችው የፋብሪካው ንብ ሳይመጣ ነው። ልጅቷ በመጣችበት ሰሞን አርጅታ ሞተች፤ አንዲት ሴት ልጅ ተክታ። ይህች ልጅ ሰማይ ከወጣች ያው የፋብሪካው ናት። ካልወጣች ደግሞ ዘር የላትም። አባ ዝምታን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። የፋብሪካውን ንብ ነገር ለልጅቷ በመንገድ ላይ አጫወትኳት።

ስንገባ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። በሌላኛው ጫፍ የሰው ቦታ ክፍት ትቷል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። የከሰዓቱ ብርሃን ግቢውን ሞልቶታል። የቀፎዎቹ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወንዝ ነው፤ እዚያ ግቢ የገባ ሰው ለምን እንደመጣ ይረሳል።

«ይቺ ማናት?» አለ።

«የሚስትህን አፍንጫ ይዛ የመጣች ናት» አልኩት።

ተነስቶ አቀፋት። ጉንጯን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሳጥኑን አየ።

«ሥራ ይዘሻል አሉ።»

«ንብ ጣቢያ ነው የምሠራው ጋሼ። ንግሥት ንቦችን እናዳቅላለን።»

«ማዳቀል የድንጉላ ሥራ ነው። እናንተ ደግሞ ምን ቤት ናችሁ?»

«ድንጉላውን እንመርጥላታለን።»

«ትመርጡላታላችሁ!» ወደ እኔ ዞረ። «ሰማህ? ንግሥት ናት እኮ ልጄ፤ የምትጠመድ በሬ አይደለችም።»

«ንግሥት ስለሆነች ነው የምንጨነቅላት። ይቆጡ ጋሼ፤ እኔ እዚህ የመጣሁት ግን ላስተምርዎት አይደለም። የአክስቴን ዘር ለጣቢያው እንዲሰጡኝ ልለምንዎት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ እጄን ይዛ ቀፎ ውስጥ አስገብታኝ ነበር። አንድም አልነደፈኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀፎ ከፍቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም።»

ይህ አባበለው። ወደ ቀፎው ወሰዳት። እሷም ጎንበስ ብላ መግቢያውን አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሽቦ ነው።»

«ሽቦ መሆኑንማ አየሁ። ሠራተኞቹ የሚያልፉበት፣ ንግሥቲቱ ግን የማታልፍበት ሽቦ ነው።»

እኔም አየሁት። የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ቀዳዳው በልክ እንዲሆን ሦስት ጊዜ አስፈርሶኛል።

«ለአይጥ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት።

«አይጥም አይገባም» አለ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ከዚህ በፊትም እንዲህ ዘግተው ያውቃሉ?»

«አምና። አንዷን።»

«ምን ሆነች?»

«እንቁላል ጣለች። የተፈለፈለው ሁሉ ድንጉላ ሆነ። ሠራተኛ የሚተካ ጠፋና ቀፎው ከሰመ።»

«ታዲያ ዘንድሮ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

አባ ዝምታ ሽቦውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ምናልባት...» አለና ተወው።

እዚህ ላይ የታዘብኩትን ልናገር። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፤ ንብን ከእኔና ከመንደሩ ሁሉ በላይ ያውቃል። ግን እንዳይጠፋበት የፈራውን ነገር በር ዘግቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። የተዘጋው ነገር ውስጥ ውስጡን ሲያልቅ፣ በሩ አለመከፈቱን እያየ ይጽናናል።

ተመልሰን ተቀመጥን። ሻይ አመጣ፤ ማንም አልጠጣውም።

«ስሚኝ ልጄ፣» አለ። «ንግሥት ንብ ዕድሜዋን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ነው የምትኖረው። ሰማይ የምታየው በወጣትነቷ ነው፤ ያቺን ትንሽ ጊዜ። አክስትሽ ‹ዛሬ ሠርጓ ነው› ትል ነበር። እኔ ያን ነጥቄ መስታወት ውስጥ ላስተኛት? መርፌ ላስወጋት? ሚስቴ ብታየኝ ምን ትለኛለች?»

«ሰማዩን የነጠቃት መርፌው አይደለም ጋሼ። እኔ ገና ሳጥኔን አልከፈትኩም።»

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ነገሩ ግን ከበደ። አባ ዝምታ ቀፎውን እንጂ እሷን አላየም። አንዲት ንብ ከሻይ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አርፋ ዞር ዞር አለችና ሄደች።

«ድንጉላውስ?» አለ ቆይቶ። «እሱ አያሳዝንሽም?»

«ያሳዝነኛል። ሰማይ ላይም ሲዳቀል ይሞታል፤ እኔ እጅ ላይም ይሞታል። አልዋሽዎትም፤ እኔ እጅ ላይ የሞተው ሰማዩን አያይም።»

«እውነቱን ስለተናገርሽ ይሁን» አለ። «እሺ ብል እንኳ ድንጉላ ከየት ታመጫለሽ? ከዚሁ ቀፎ?»

«አይሆንም፤ ወንድሞቿ ናቸው። ከወንድሞቿ ከተዳቀለች ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው እጭ ጤና አይኖረውም። ሠራተኞቹ ራሳቸው እየለቀሙ ያወጡታል፤ ሰሙ የሚሠራበት የእንጨት ፍሬም የብል ሲሳይ የሆነ ጨርቅ ይመስላል።»

«ከሌሎቹ ቀፎዎቼስ?»

«እነሱ እናት ደጋግመው ቀይረዋል። የፋብሪካው ደም እናቶቹ ውስጥ ገብቷል።»

«እንግዲያው አልቋል» አለ። ተነሳ። «ሻይሽን ጠጪ። መንገድ ሳይመሽብሽ ሂጂ።»

ያን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። «የእኔስ ቀፎ?» አልኩ።

አባ ዝምታ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ያንተ? ሰዎች ሆይ! ያንተ ቀፎ እኮ ፖስተኛውን ብስክሌቱን ጥሎ እንዲሮጥ ያደረገ ነው! አንተ ራስህ በእሳት ላጠፋው ነው ስትል አልነበር?»

እውነቱን ነው። ከአውደ ሥራዬ በስተጀርባ ያለው ቀፎ ጥላዬን ሳይቀር ያሳድዳል። ልጅቷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«ከየት ያገኙት ነው አባባ?»

«አክስትሽ ናት የሰጠችኝ። መጀመሪያ ገር ነበር። እሷ በሞተች ማግስት ዓመት አሮጊቷ ንግሥት ሞተችና በልጇ ተተካች፤ ከዚያ ወዲህ ነው የከፋው።»

«ልጅየዋ አሁንም አለች?»

«አለች። ክንፏ ጫፉ የተቀደደ ስለሆነ አውቃታለሁ።»

«ጋሼ ይቀመጡ» አለች። ተቀመጠ። «የአባባ ንግሥት የተወለደችው ፋብሪካው በዱር ንብ ከመሞላቱ በፊት ከተዳቀለች እናት ነው። እሷ ራሷ ንጹሕ ናት። የበረረችው ግን ከፋብሪካው ድንጉላዎች ጋር ነው። ሠራተኞቹ የሚናደፉት ለዚህ ነው፤ አባቶቻቸው የፋብሪካው ናቸው። ድንጉላዎቹ ግን አይደሉም።»

«እንዴት አይደሉም? ከአንድ ቀፎ፣ ከአንድ እናት?»

«አምና የዘጉባት ንግሥት ማንንም ወንድ አላየችም አይደል? ድንጉላ ግን ወለደች። የነዚያ ድንጉላዎች አባት ማን ነበር?»

አባ ዝምታ ፊት ላይ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲነጋ አየሁ።

«ማንም» አለ።

«ማንም። ድንጉላ ካልተዳቀለ እንቁላል ነው የሚወጣው፤ የእናቱ ብቻ ነው። በአባባ ክፉ ቀፎ ውስጥ ያሉት ድንጉላዎች ከፋብሪካው አንዲት ጠብታ የለባቸውም። የአክስቴ ናቸው።»

«እዚያ?» አለ፤ በግንቡ በኩል እያመለከተ። «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ?»

ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀውን ነገር ነው የነገረችው። ግን ከራሱ ስሕተት ውስጥ አውጥታ አሳየችው። ክርክር እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ቢሆንም ገና አልተሸነፈም። «ዛሬ ይቺን አደረግሽ እንበል፤ ነገ ልጇን፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጇን። ከእንግዲህ ንግሥት ሁሉ በመርፌ? ሰማዩ ለፋብሪካው ቀረ ማለት ነው?»

«አይቀርም። በመርፌ የምትዳቀለው ይህች ናት። ሴት ልጆቿን አሳድገን ለየጎረቤቱ እንሰጣለን። እነሱ እንደ ልባቸው ይብረሩ፤ ከማንም ጋር ይገናኙ። ወንዶች ልጆቻቸው አባት የላቸውምና የአክስቴ ዘር ይሆናሉ። ከዓመት ዓመት ሰማዩ በነሱ ይሞላል። መርፌው ለዘላለም አይደለም ጋሼ፤ ሰማዩን እስክንመልስላቸው ነው።»

ሰውዬው ዐይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«በሕልሜ መጥታ ነበር፣» አለ ዐይኑን ሳይገልጥ። «እዚያች ቀፎ አጠገብ ቆማ፣ ራሷን ሳትሸፍን። ጎንበስ ብላ ‹ማን ዘጋው?› አለችኝ። እኔ ነኝ ማለት አፈርኩ። አናጢው ነው አልኳት።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ልጅቷ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። እሱም ተነስቶ ሳጥኑን ራሱ አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ድንጉላዎቹን ከእኔ ቀፎ የሰበሰብነው እሱና እኔ ነን። ድንጉላ አይናደፍም፤ እህቶቹ ግን ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ። አባ ዝምታ አንገቱ ላይ በተነደፈ ቁጥር «አባቱ ፋብሪካ!» ይላል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት እያየችን ነበር። «ሁለት ሽማግሌ ለይቶላቸው አበዱ!» ስትል ሰማኋት።

ሥራው የተሠራው ሟቿ ትቀመጥበት በነበረው ጓዳ ነው። ጠረጴዛው ተወልውሏል፤ መጋረጃው ግማሽ ተዘግቷል። ልጅቷ ንግሥቲቱን ከእርሳስ በምትቀጥን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገባቻትና የሚያስተኛ አየር ለቀቀችባት። የሆዷ እንቅስቃሴ እየቀዘቀዘ፣ እግሮቿ እየተሰበሰቡ ተኛች። ከሷ በፊት ከብዙ ድንጉላዎች የተወሰደው ዘር መርፌው ጫፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ መልኩ እንደ ወተት ቅባት ነው። የትንሿ መብራት ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ወድቋል፤ የቀረው ቤት ጥላ ነው። ልጅቷ ማይክሮስኮፑ ላይ ስትጎነብስ አባ ዝምታ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጎኑ ላይ ቦታ ትቶ።

የሆነ ነገር ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጁን አነሳብኝ።

ገባኝ። ዝም አልን። ከውጭ የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ይሰማ ነበር፤ እሱም ቆመ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ተኝተህ ነበር ቢሉኝም አምናለሁ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ትንሽ ተራመደ። ልጅቷ ቀና ብላ ትንፋሽዋን ለቀቀች። ንግሥቲቱ ቱቦው ውስጥ አንድ እግሯን አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ሌላውን።

ወደ ቀፎዋ መለስናት። ከዚያ በኋላ የነበረው ጥበቃ ከባድ ነበር። እንቁላል ጣለች። ግን እንቁላል መጣሏ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አምና የተዘጋችውም ጥላ ነበር። የሠራተኛ እጭ የተከደነበት ሰም ለጥ ያለ ነው፤ የድንጉላው ግን እንደ ጉብታ ያብጣል። ክዳኑ እስኪታይ አባ ዝምታ ምግብ አልበላ አለ። ልጅቷ ፍሬሙን ያወጣች ቀን ዐይኑ ፈራ መሰለኝ፤ ማየት ትቶ እጁን ዘረጋ። ጓንት አላጠለቀም። በንቦቹ መካከል ጣቱን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ አሳለፈው። ንቦቹ መንገድ እየለቀቁለት ጣቱ ላይ ወጡ።

«ለጥ ያለ ነው» አለ። ደግሞ አሳለፈው። «ልጄ፣ ለጥ ያለ ነው።»

አንዲቷም አልነደፈችውም።

የሆነው ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የዚያች ንግሥት ሴቶች ልጆች ዛሬ በብዙ ግቢ አሉ። አንዷ የእኔን ክፉ ቀፎ ተረክባ ፖስተኛው በደህና ያልፋል። አንዷን የወሰደችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እምቢ እምቢ ስትል ቆይታ ማሩን ስትቀምስ ስድቧን ሁሉ ረሳችው። ልብሷንም ውጭ ታሰጣለች። ልጅቷ ለጣቢያዋ ዘር ወሰደች። ንብ የምታረቡ ሰዎች፣ መርፌውን አትፍሩት። ንግሥቲቱን ከዘሯ አያጣላም፤ ከጠፋባት ዘሯ ጋር ያገናኛታል። ይልቅ በፍቅር ስም የምትዘጉትን በር ፍሩ። የድንጉላን ነገር ደግሞ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ክፉ የተባለ ቀፎ ለእሳት ከመሰጠቱ በፊት እናቱ ማን እንደሆነች ይጠየቅ።

አባ ዝምታ ሽቦውን ነቅሎ መለሰልኝ። «ለአይጥ አድርገው» አለኝ።

ባለፈው ሰሞን ከመስኮቱ ሥር ካለው ቀፎ አንዲት ወጣት ንግሥት ተፈለፈለች። ልጅቷ ለዕረፍት መጥታ ነበር፤ ሳጥኗን ግን አላመጣችም። የመብረሪያዋ ቀን ሲደርስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ንግሥቲቱ መግቢያው ላይ ወጥታ ብርሃኑን ተመለከተች፤ ከዚያ ተነሳች። አባ ዝምታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበር። ክፍት የነበረው ቦታ ላይ ልጅቷ ተቀምጣለች። እኔ ግንቡ ላይ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ መዶሻዬን መሬት አስቀምጬ። የልብስ ስፌት መኪናው ቆመ። ከላይ፣ ዐይን በማይደርስበት ከፍታ፣ የድንጉላዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። የማን ልጆች እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

ብዙ ቆየን። ማንም ቃል አልተናገረም።

«ገባች» አለች ልጅቷ።